የእናቴ ጉልበትና የአማቼ ንፋስ መከላከያ

ቅናተኛ ነኝ። ይህን ቀድሜ የምናገረው እህቴ እንዳትቀድመኝ ብዬ ነው። ልጆች ሳለን እናቴ የእሷን ፀጉር ልትሠራ ስትቀመጥ፣ እኔ የተላጨ ጭንቅላቴን ይዤ «ቀጥሎ የኔ ነው» እያልኩ ተራ እጠብቅ እንደነበር ለሰው ሁሉ ስታወራ ኖራለች። እውነቷን ነው፤ እጠብቅ ነበር። ግን አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ በሁለት ቁራጭ ፕላስቲክ ሰበብ የያዘኝ ቅናት ሲታይ ያ የልጅነቱ ጨዋታ ነበር።

ፕላስቲኮቹ የሞተር ሳይክል ንፋስ መከላከያዎች ናቸው። ገዝቶ ያሰራቸው የእህቴ ባል ነው። በነሱ የወሰደብኝ ደግሞ እናቴን ነው።

እናቴና እኔ የምንኖረው አስኮ ነው፤ የድሮ ሰፈራችን ግን ቀራንዮ ነው። አባቴ የተቀበረው ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ነው። የእናቴ የንስሐ አባት እዚያ ናቸው፣ ማኅበሯ እዚያ ነው፣ የምታኮርፋቸውና የምትታረቃቸው ሴቶች በሙሉ እዚያ ናቸው። ስለዚህ ወር በመጣ ቁጥር በሃያ ሰባት፣ በመድኃኔ ዓለም ዕለት፣ ጠዋት እዚያ መድረስ አለባት። አስኮም ቤተ ክርስቲያን አለ ብሎ የሚመክራት ሰው ካለ እሱንም ታኮርፈዋለች። በታክሲ ከሄደች ጦር ኃይሎች ላይ ወርዳ መሰለፍ ይኖርባታል፤ ጉልበቷ ደግሞ መቆም አይችልም። አራት ዓመት ሙሉ በሞተሬ ያደረስኳት እኔ ነኝ።

ሞተሩ የሥራ ነው። መነጽር ከሚሠራበት ቤት መስታወት እየተቀበልኩ ወደ መሸጫዎቹ አደርሳለሁ። በሃያ ሰባት ግን አሠሪዬ አርፍጄ እንድገባ ፈቅዶልኛል። ጠዋት እናቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ በሻሿ ላይ የኔን አሮጌ ሄልሜት ደፍታ ትወጣለች። ቀሚስ የለበሰች ትልቅ ሴት ሞተር ላይ እንደ ወንድ እግሯን ከፍታ አትቀመጥም። ሁለቱንም እግሯን በግራ በኩል አድርጋ፣ ጎኗን ለመንገዱ ሰጥታ ነው የምትቀመጠው። በቀኝ እጇ ቀበቶዬን ትይዛለች። አባቴን እንኳ እንደዚያ ይዛው ስትሄድ አይቼ አላውቅም፤ እሱ ከፊት እሷ ከኋላ ነበር የሚሄዱት።

እናቴ ንፋስ ትፈራለች። ሚኒባስ ውስጥ ከፊት ተቀምጣ ከኋላ የተከፈተ መስኮት ይታወቃታል፤ «ኧረ ዝጉልን» ብላ ታስዘጋለች። በሰኔም ሆነ በግንቦት ለውጥ የለውም። ይህችው ሴት ቀለበት መንገዱን ሙሉ ከኔ ጀርባ ተቀምጣ አንድም ቀን በረደኝ ብላኝ አታውቅም። እኔም ጠይቄያት አላውቅም። ለራሴ የፈታሁት በቀላሉ ነበር፤ ከልጇ ጋር ስትሆን ንፋሱም አይነካትም ብዬ። ይህን ለጓደኞቼ ሳይቀር በኩራት አውርቻለሁ።

የእህቴ ባል ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ምንኛ በተገላገልኩ። ቤተሰቦቹ በአያቱ ጊዜ ከጅማ በኩል መጥተው ኮልፌ የሰፈሩ ነጋዴዎች ናቸው፤ እሱም የቧንቧ ዕቃ ይሸጣል። ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ የተበላሸ ነገር ካየ ሳይነግሩት ጠግኖ ይሄዳል፣ እናቴን «እርስዎ» ይላታል። ልጇ ነኝና እኔ «አንቺ» እላታለሁ፤ ይህም ልዩነታችንን የሚያሳይ ይመስለኝ ነበር። እሱ እንግዳ ነው፣ እኔ የቤት ሰው። ሞተሮቻችን እንኳ አንድ ዓይነት ሆነው ሳለ የሱን ቀይ ከኔ ጥቁር አሳንሼ ነበር የማየው።

ባለፈው መስከረም አንድ እሑድ በዚያ ቀይ ሞተር ቤታችን መጣ። ከፊት መብራቱ ግራና ቀኝ ባለው ፕላስቲክ ላይ እንደ መስታወት የሚያሳዩ ጠንካራ መከላከያዎች አስሯል። እያንዳንዳቸው ሁለት መዳፍ ያህላሉ፤ ከፊት የሚመጣውን ንፋስ ከፍለው ወደ ጎን ይገፉታል ተብለው የሚሸጡ ናቸው። ዕቃው ጥሩ ነበር። አሠራሩ ግን አሳቀኝ። የቀኙ በቦታው ሆኖ፣ የግራው አንድ ስንዝር ያህል ወርዶ፣ ያውም ወደ ውጭ ተንጋዶ ነው የታሰረው። እህቴና እናቴ በቆሙበት አንድ ጆሮው የወደቀ አህያ ሠራህ አልኩት። እሱም ስቆ «ይሁን፣ ሥራውን ይሠራል» አለኝ። እናቴ አልሳቀችም። ያኔ ለምን እንዳልሳቀች ማሰብ ነበረብኝ፤ እኔ ግን የራሴ ቀልድ ጥሞኝ ነበር።

ጥቅምት ሃያ ሰባት ዓመታዊው ክብረ በዓል ነው፤ እናቴ ከዓመቱ ሁሉ አብልጣ የምትጠብቀው ቀን። በዚያው ሳምንት ሥራ ቤት አንዱ ባልደረባዬ ታሞ እኔ ገና ሳይነጋ ወደ ሥራ እንድገባ ተደረገ። እናቴን የእህቴ ባል አደረሳት። ማታ ስመለስ ፊቷ በርቶ ጠበቀችኝ። ስለ ታቦቱ፣ ስለ ሕዝቡ ብዛት፣ ስለ ማኅበርተኞቿ ነገረችኝና መጨረሻ ላይ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «በሱ ሞተር ንፋስ የለም፤ እቤት እንደመቀመጥ ነው» አለች።

የጠቀለልኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩት። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ተናግራ አታውቅም። አንድ ቀን ከሱ ጋር ሄዳ ንፋስ መኖር አለመኖሩን አወቀች። «የኔም ሞተር ያው ነው እኮ» አልኳት። እሷም ያው ነው አለች፣ ወዲያው። ወጥ ጨመረችልኝ።

ለኅዳር ሃያ ሰባት ሁለት ቀን ሲቀረው አንተ ከሥራህ አትቅር አለችኝ፤ እሱ ለራሱም ይሄዳል፣ መንገዱ ነው። መንገዱ አልነበረም። የሱ ቤት ከኛ ይልቅ ለቀራንዮ ይቀርባል፣ ወደ ኋላ ተመልሶ መጥቶ ነው የሚወስዳት። ጠዋት በመስኮት አየኋቸው። እኔ ሞተሬ ላይ ስትወጣ በርጩማ አቀርብላት ነበር፤ እሱ ግን ሞተሩን ከግንቡ ጥግ አስጠግቶ ከደረጃው ላይ ሆና በቀላሉ እንድትቀመጥ አደረጋት። ቀበቶውን ያዘች። እኔ የተያዝኩ መስሎኝ ወገቤን ነካሁት። እንዲህ ያለ ቅናት በሴት ጓደኛዬም ይዞኝ አያውቅም፤ እውነቱን ልናገር፣ ጎማው ይተንፍስ ብዬ ተመኝቻለሁ። ወዲያው እናቴም ከላዩ እንዳለች ትዝ ብሎኝ ምኞቴን ሰረዝኩ።

ከዚያ በኋላ መፍትሔው ግልጽ ሆነልኝ። ልዩነቱ ፕላስቲኩ ከሆነ ፕላስቲኩ ይገዛል። ጦር ኃይሎች ካለ መለዋወጫ ሱቅ ያንኑ ዓይነት ገዛሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ግቢያችን ውስጥ ሞተሩን በመካከለኛው መቆሚያ አቁሜ፣ ዕቃዎቼን በጨርቅ ላይ ዘርግቼ ሥራ ጀመርኩ። እናቴ በሩ ላይ በርጩማ አውጥታ ምስር ትለቅም ነበር። እዚያ እንድትቀመጥ ፈልጌ ነበር፣ እንድታየኝ።

የሠራሁት በጥንቃቄ ነው፤ ይህን ማንም አይወስድብኝም። ፕላስቲኩን በሳሙና አጥቤ አደረቅሁ። ከጫማ ካርቶን ላይ የመከላከያውን ቅርጽ ቆረጥኩና በቀኝ በኩል ለክቼ ምልክት አደረግሁ፤ ያንኑ ካርቶን ገልብጬ በግራ በኩል አስቀመጥኩት። ከመብራቱ መሃል ወደ ሁለቱም ጎን በማስመሪያ ለካሁ። የሚሊ ልዩነት አልነበረም። የአማቼን የወደቀ ጆሮ እያሰብኩ ሁለት ሦስት ጊዜ ለካሁ፣ ለደስታዬ ስል።

መብሻ ስላልነበረኝ ምስማር በከሰል አግዬ፣ በፒንሳ ይዤ ቀዳዳዎቹን አቀለጥኩ። ግቢው በተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ተሞላ። ብሎኑ ፕላስቲኩን እንዳይሰነጥቀው ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪ ትንንሽ ክብ ጎማዎች ቆርጬ ከሮንዴላው፣ ከብረቱ ቀለበት ሥር አስገባሁ። ዳዶውን መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ በቁልፍ ጥቂት ብቻ ነው ያጠበቅሁት። የመነጽር መስታወት ብሎኑን አብዝቶ ያጠበቀን ሰው ተሰንጥቆ እንደሚቀጣ አውቃለሁና። መጨረሻ ላይ መሪውን እስከ ጥግ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙሬ የፍሬን መያዣው መከላከያዎቹን እንደማይነካ አረጋገጥኩ። ሁለቱ ፕላስቲኮች ፀሐይ ላይ እኩል አበሩ።

እናቴን ጠራኋት። መጥታ ዞራ አየች፣ በጣቷም ነካች። ቆንጆ ነው አለች። «ከሱ አይበልጥም?» አልኳት። ይበልጣል አለች። እንደ ልጅ ደስ አለኝ፤ አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ነኝ እኮ።

በዚያው ቀን ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ ብቻዬን ሞከርኩት። ደረቴ ላይ የነበረው ግፊት ጠፋ፣ ጣቶቼ ሞቁ፣ የሄልሜቴም ድምፅ ቀነሰ። እየዘፈንኩ ተመለስኩ። ለእህቴ ደውዬ የታኅሣሥ ሃያ ሰባቱን እኔ እንደማደርሳት፣ ባሏ እንዳይቸገር ነገርኳት። «እንዳይቸገር» የምትለዋን ቃል ጫን ብዬ ነው ያልኳት።

የታኅሣሥ ጠዋት ብርድ ለማንም የሚነገር አይደለም። እናቴ ከኔ ሞተር ላይ ተቀመጠች፤ በርጩማውን ትቼ እኔም ከደረጃው አስጠጋሁላት። ቀበቶዬን ያዘች። ቀለበት መንገዱ ላይ ስወጣ መከላከያዎቹ ሥራቸውን ጀመሩ። እኔ አልበረደኝም፣ ጃኬቴን እንኳ እስከ አንገቴ አልቆለፍኩም። ፍጥነት ጨመርኩ፤ ምን ያህል እንደሚመች እንድታውቅልኝ። ጦር ኃይሎች ላይ ሚኒባሶቹ ተጋፍተው ስንቆም፣ ትከሻዬን አልፌ ሳያት ዓይኗን ጨፍና ነበር። ጸሎት ላይ ናት ብዬ መሪዬን ያዝኩ።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እህቴና ባሏ ቀድመውን ደርሰው ቆመዋል። ሞተሩን አቁሜ እናቴን ውረጂ አልኳት። አልወረደችም። ቆይ እስቲ አለች። ጉልበቷ ታጥፎ እንደቀረ ያየሁት ያኔ ነው፤ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ጭና በነጠላዋ ታሽ ነበር። የእህቴ ባል ቀድሞኝ ደረሰ፣ ደግፎ አወረዳት፣ «ጉልበትዎ ተነሣብዎት?» ብሎ ጠየቃት።

«ንፋሱ ቆረጠኝ ልጄ» አለችው። «መንገዱን ሙሉ። ሁለቱንም ጉልበቴን፣ ግራዬንማ አልነግርህም።»

እኔ ከአንድ ክንድ የማይበልጥ ርቀት ላይ ቆሜ ነበር። ከአስኮ እስከዚያ ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሰችልኝም። እግሯ መሬት ከነካ ገና ደቂቃ አልሆነውም፣ ለሱ ተናገረች። ያውም ልጄ ብላ።

እሱም ወደ ሞተሬ ሄዶ አጠገቡ ቁጢጥ አለ። በክርኑ የነጂውን ቦታ፣ በመዳፉ ደግሞ ንፋሱ ከመከላከያው ተነሥቶ የሚሄድበትን አሳየኝ። ከደረቴ ላይ የተገፋው ንፋስ የትም አልጠፋም፤ በጎኔ አልፎ፣ በግራ በኩል ሁለት እግሯን አውጥታ የተቀመጠች ሴት ጉልበት ላይ ነው የሚያርፈው። ሞክሬው የነበረው ብቻዬን ነው። ከኋላዬ ሰው አስቀምጬ፣ ያውም ቀሚስ የለበሰ፣ መሞከር በሐሳቤም አልመጣ። ይህን ሁሉ ሲያስረዳኝ ድምፁ ውስጥ አንዲት የድል ምልክት ፈለግሁ። አላገኘሁም፤ እሱም አናደደኝ።

ከዚያ ዓይኔ ወደ ቀዩ ሞተር ሄደ። የወደቀው የግራ መከላከያ ልክ እናቴ ጉልበቷን የምታሳርፍበት ከፍታ ላይ ነበር፣ ወደ ውጭ የተንጋደደውም ለዚያው ነው። እንዴት አወቅህ አልኩት። መስከረም ላይ፣ ከዚያ እሑድ በፊት፣ እኛ ቤት መጥቶ፣ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ እናቴን በቆመው ሞተር ላይ አስቀምጦ ጉልበቷ የሚደርስበትን በጠመኔ እንዳሰመረ ነገረኝ። ቀድሞ በክረምቱ እሷው ነበረች በኔ ሞተር ስትሄድ እንደሚበርዳት የነገረችው። ከቀሚሷ ሥር ፌስታል ጉልበቷ ላይ ጠቅልላ እንደምትሄድም ጭምር። መከላከያዎቹን የገዛው ስለዚህ ነው።

እህቴ መሬት መሬት አየች። እሷም ታውቅ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ፌስታል ጠቅልላ፣ እኔ ደግሞ ንፋሱ አይነካትም እያልኩ ስኮራ።

ቅዳሴው ሲያልቅ እናቴ እንደ ልማዷ አባቴ መቃብር አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የእህቴ ባል ሲመለሱ በኔ ይሂዱ አላት፤ እህቴን በታክሲ እንደሚልክ ነገራት። እናቴ መልስ ከመስጠቷ በፊት ፊቴን አየች። አንድ አፍታ ብቻ ነበር፤ ሰው ዝናብ ይጥል እንደሆነ ሰማይ የሚያየውን ያህል። ከዚያ «የለም፣ በመጣሁበት እመለሳለሁ» አለችው።

ፊቴን ማየቷ ከተናገረችው ሁሉ ይልቅ ገባኝ። እነሱ ሰው ሰላም ለማለት ራቅ ሲሉ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ለሱ የነገርሽውን ለኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

ነጠላዋን አስተካከለች።

«እሱ ቢቀየመኝ ምን እሆናለሁ?» አለች። «የሰው ልጅ ነው፣ ቤቱ ይገባል፣ ይረሳዋል። አንተ ስትቀየም ሳምንት ሙሉ አታናግረኝም። አንድ ጊዜ ቀስ በል ብልህ፣ ካልተመቸሽ በታክሲ ሂጂ አልከኝ። ከዚያ ማታ ማታ ስትበላ ዓይኔን እንኳ አታየኝም ነበር። ቤት ውስጥ ካንተ በቀር ማን አለኝ? ብርዱንማ ቻልኩት።»

ያን ቀን ረስቼው ነበር። ስትናገር ግን ሁሉም መጣልኝ፤ ጠረጴዛው፣ ሳህኑ፣ የሷ መለስ ቀለስ ማለት፣ የኔ ዝምታ። ዝም ማለቴን ጨዋነት አድርጌ ቆጥሬው ነበር። ከእህቴ ባል በላይ እንድትወደኝ ስቃጠል የከረምኩት ሰውዬ፣ በላይ መውደዷንስ ትወደኝ ኖሯል። ስለምትወደኝ ትፈራኝ ነበር። ለሱ እንደ ልቧ የምታወራው ስለማትፈራው ነው። በዚህም ቀናሁበት። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ከፍቼ የወጣልኝ፣ ሞተሩን ነገ አስተካክለዋለሁ የሚል ብቻ ነው። እሷም እሺ አለች።

ስንመለስ እኩለ ቀን ሆኗል። የታኅሣሥ ብርድ ከጠዋት አያልፍም፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ አስፋልቱ ይግላል። እኔ በቀስታ፣ በቀኝ ጠርዝ ይዤ ነዳሁ። ብዙ ሰው አለፈን፣ ብስክሌትም ሳይቀር። ጦር ኃይሎችን ልናልፍ ስንል ቀበቶዬን ሳብ አደረገችኝ።

«በረደኝ» አለች። «ግራ ጉልበቴን።»

ወዲያው ዳር ያዝኩ። ከኋላችን ሚኒባሱ ጥሩምባውን ነፋ፣ ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የሆነ ነገር አለኝ። ወረድኩ፣ ጃኬቴን አወለቅሁ፣ ሁለቱን ጉልበቷን ጠቅልዬ እጀታዎቹን ከኋላ አሰርኩላት። ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ አጠበቅሁ። እሷ አንገቷን ደፍታ ስሠራ አየችኝ፣ ግንባሯ ላይ ከሄልሜቱ ሥር ላብ ችፍ ብሏል። በእውነት በርዷት ይሁን፣ ወይስ ደስ እንዲለኝ ብላ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።